የጎደለው አየር ነው፣ ቧንቧ አይደለም

ፋብሪካ መኪናን አፍኖ ነው የሚሸጠው የሚለው እምነት በኮሎራዶ ከተሞች በዴንቨርና በአውሮራ መኪና ወዳድ ወጣቶች ዘንድ ጠያቂ የለውም። ከሞተሩ ጎን የተጣበቀውን የፋብሪካ የጭስ መቀበያ አውልቀህ፣ በምትኩ እየተጠማዘዙ የሚወርዱትን የብረት ቧንቧዎች፣ ሄደር የሚባለውን ግጠምለት፤ ያኔ ሞተሩ ይተነፍሳል፣ መኪናውም ይሮጣል ይባላል። የዴንቨር ሰፈር በሆነው ግሪን ቫሊ ራንች ውስጥ ይህን ለመስማት መካኒክ ዘንድ መሄድ አያስፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናቸውን ደጃፍ ላይ በክሪክ ያነሱ ልጆች ሁሉ የሚሉት ነው። ሱባሩ የገዛም፣ ሙስታንግ የገዛም፣ የአባቱን አሮጌ ሆንዳ የተረከበም መጀመሪያ የሚያስበው ሄደር ነው።

እምነቱ ግን ስሕተት ነው። ሄደር የሚሠራበት ሞተርና የሚሠራበት ቦታ ነበረው፤ ዛሬም በውድድር ሜዳ ላይ አለው። ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ከተማ፣ በዘመኑ ሞተር ላይ፣ በሰፈር መንገድ ለሚነዳ መኪና ግን የሚሰጠው ከሚወስደው በብዙ ያንሳል። የሚወስደውም ከባለቤቱ ኪስ ብቻ አይደለም። የጎረቤትን እንቅልፍና የሕፃናትን ሳንባ ይነካል።

እምነቱ ከባዶ አልተነሣም፤ ይህን አለመቀበል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙዎቹ የአሜሪካ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ጭሳቸውን የሚያስወጡት በአጭርና በደፍጣጣ የብረት ሳጥን በኩል ነበር። ሲሊንደሮቹ ተራ በተራ የሚተፉት ጭስ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር፤ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል። ሄደር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ቧንቧ ሰጠው። ከዚያም የረቀቀ ሥራ ይሠራል። ጭሱ በግፊት ተተፍቶ ቧንቧው ውስጥ ሲከንፍ ከኋላው ዝቅ ያለ ግፊት ይተዋል። የቧንቧው ርዝመት በትክክል ከተለካ፣ ያ ዝቅተኛ ግፊት የጭስ ቫልቩ ገና ሳይዘጋ የአየር ቫልቩ መከፈት በሚጀምርባት ቅጽበት ይደርስና ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል፤ አዲሱንም አየር ይጎትታል። ረጅም ቧንቧ በዝቅተኛ ዙር፣ አጭር ቧንቧ በከፍተኛ ዙር ይጠቅማል። የሚያምር ምሕንድስና ነው፤ የተማረው ሰው ቢማረክበት አይፈረድበትም።

በቅርብ ዘመን መኪኖችም ላይ የሠራበት አጋጣሚ አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ 86 እና ወንድሙ ሱባሩ ቢአርዜድ ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር ገደማ ባለው መካከል ጉልበታቸው ወለም ይላል፤ ነጂው እግሩን ተጭኖ እያለ መኪናው ያመነታል። በደንብ የተሠራ ሄደርና አብሮ የሚስተካከል የኮምፒውተር ፕሮግራም ያን ጉድጓድ ይሞላዋል። እነዚህ መኪኖች ቱርቦ የላቸውም፤ ችግራቸውም በተወሰነ ዙር ላይ ያለ፣ ተለክቶ የታወቀ ችግር ነው። የሄደር ደጋፊዎች ከዚህ አንድ ምሳሌ ተነሥተው መኪና ሁሉ እንዲህ ነው ማለታቸው ነው ጥፋቱ።

ከፍታውን እንመልከት። የኮሎራዶ ምክር ቤት ሕንፃ ደረጃ ላይ አንድ ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ከፍታን የሚያሳይ ምልክት አለ። የግሪን ቫሊ ራንች ጎረቤት የሆነው የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ 1,656 ሜትር ላይ ተቀምጧል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካው 200 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና በሰፈሩ ታወር ሮድ ላይ ሲነዳ ያለው 167 አካባቢ ነው። ሠላሳ ሦስቱን የወሰደው የጭስ ማውጫው አይደለም። ቀጭኑ አየር ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን አነሰ፣ ሊቃጠል የሚችለው ቤንዚንም አብሮ አነሰ።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሰው የጫነ አሮጌ ሚኒባስ የእንጦጦን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ያላየ የለም። እንጦጦ ላይ ልምምድ የሚሠራ ሯጭ ትንፋሽ ሲያጥረው አፉን አስፍቶ ቢያስወጣ የሚገባለት አየር አይጨምርም፤ የሞተሩም ነገር እንዲሁ ነው። መውጫውን ማስፋት የጎደለውን መግቢያ አይሞላም። ሌላም ሒሳብ አለ። የገባው አየር ሲቀንስ የሚወጣው ጭስም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ ከሄደሩ የሚገኘው ትርፍም አብሮ ይወርዳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 15 የፈረስ ጉልበት የጨመረ ሄደር እዚህ 12 ወይም 13 ቢሰጥ ነው። የወረደውን ሠላሳ ሦስት ማን መለሰው?

እዚህ ላይ ብዙዎች የዳይኖ ወረቀት ያወጣሉ። ዳይኖ መኪናው በጎማው ከበሮ እያሽከረከረ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን ነው። ሄደር ከመገጠሙ በፊትና በኋላ ይለካል፤ ልዩነቱ በቀለም መስመር ይሳላል፤ ወረቀቱ ለጓደኛ ሁሉ ይታያል። ወረቀቱን ያዩት ሰዎች ግን ከታች በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አያነቡም። በዴንቨር የሚሠሩ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ የለኩትን ቁጥር እንዳለ አያትሙም፤ ኤስኤኢ በሚባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር መስፈርት መሠረት ወደ ባሕር ወለል አካባቢ አየር ይቀይሩታል። የዴንቨር የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ስድስተኛ ያህሉን ያጣ ስለሆነ ማባዣው ወደ 1.2 ይጠጋል። ጎማው ላይ 250 የለካ ማሽን 300 ብሎ ያትማል ማለት ነው። መስፈርቱ በራሱ ትክክል ነው፤ የተለያዩ ከተሞችን ለማነጻጸር ያገለግላል። ልጁ ግን 300 የሚል ወረቀት ይዞ 250 መኪና ይነዳል። የሄደሩም ትርፍ በዚሁ ማባዣ ተነፍቶ ነው የታተመለት። ቱርቦ ላለው መኪና ነገሩ ይብሳል፤ ቱርቦው የቀጠነውን አየር ራሱ ስለሚያካክስ፣ ያልጠፋ ጉልበት እንደጠፋ ተቆጥሮ ይጨመርለታል።

የከፍታን ጥያቄ ከሁሉ በላይ የመለሰው ግን የዚሁ የኮሎራዶ ተራራ ነው። ፓይክስ ፒክ ላይ ከ1916 ጀምሮ የሚካሄደው የዳገት ውድድር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 156 ኩርባዎች አሉት፤ የሚያልቀው 4,302 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከሦስት አንድ እጅ በላይ ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚደርሰው። በ2013 ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ሎብ በፔጆ 208 ቲ16 በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲወጣ፣ መኪናው አየሩን በግፊት የሚሞላ ቱርቦ ነበረው። በ2018 ያን ክብረ ወሰን የሰበረው ሮማን ዱማ የነዳው የቮልስዋገን መኪና ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነበር፤ 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ። በታሪክ ያንን ተራራ በፍጥነት የወጣው መኪና ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። በውድድሩ ታሪክ ከ8 ደቂቃ በታች የገባም እርሱ ነበር የመጀመሪያው።

ፋብሪካው አፍኖ ይሸጣል የሚለውም አባባል ዛሬ ማስረጃ የለውም። አምራቾች በቤንዚን ቁጠባና በጉልበት ይፎካከራሉ፤ በጭስ መውጫ ላይ የሚጠፋ ጉልበት ለእነርሱም የቤንዚን ኪሳራ ነው። የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ፣ የሙስታንግ ባለ 2.3 ሊትር ኢኮቡስት ሞተር፣ ከ2017 ወዲህ አሜሪካ የገባው የሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር፣ እነዚህ ሁሉ የጭስ መቀበያቸው ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ከቴስታታው ጋር አንድ ሆኖ የተቀረጸ ነው። ውኃ ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቱርቦው ይገባል። ሄደር ልግጠም ብሎ ብሎን ለመፍታት የሄደ ሰው የሚፈታው ነገር አያገኝም። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት ጭሱ ሙቀቱን ይዞ ቱርቦውን ቶሎ እንዲያሽከረክር ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ክርክሩ አልቋል ማለት ይቻላል፤ ሆኖም የልጆቹ ወሬ ገና ከ1960ዎቹ አልወጣም።

ሱባሩ የተለየ ቦታ ይገባዋል፤ ኮሎራዶ የሱባሩ አገር ናትና። የድሮው ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ የሚያንኳኳ የሚመስል ልዩ ድምፅ ነበረው። ያ ድምፅ የመጣው ቧንቧዎቹ እኩል ርዝመት ስላልነበራቸው ነው፤ ከሞተሩ ግራና ቀኝ የሚመጣው ጭስ በእኩል ጊዜ አይደርስም፣ ስለዚህም ይንገጫገጫል። በ2015 የመጣው አዲስ ሞተር እኩል ርዝመት ያላቸው ቧንቧዎችና የተሻለ ቱርቦ ይዞ መጣ። ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ምን ሆነ? ገበያው እኩል ያልሆኑ ቧንቧዎች ያሉት ሄደር ማቅረብ ጀመረ፤ ሰዎችም የተሻለውን የፋብሪካ ዕቃ እያወለቁ ድምፁን ለመመለስ ገዙ። ጉልበት ፍለጋ እንዳልሆነ ሻጩም ገዢውም ያውቃል። ድምፅና ፍጥነት አንድ ናቸው ብሎ ለሚያምን ሰው ከዚህ የበለጠ ማስተባበያ አያስፈልገውም፤ እዚህ ድምፁ የተገዛው ፍጥነት ተከፍሎበት ነው።

ሄደሩን በገዛ እጁ የሚገጥም ወጣት ግን ክብር ይገባዋል፤ ሥራው ቀላል አይደለምና። ኮሎራዶ ክረምት ላይ መንገዱ በረዶ እንዳይዝ ማግኒዥየም ክሎራይድ ይረጫል፤ ያ ጨው ከሥር ያለውን ብሎን ሁሉ ይበላዋል። መጀመሪያ የሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ ይነሣል። ቀጥሎ ከቴስታታው ላይ የበቀሉት ብሎኖች ማላቀቂያ ዘይት ተረጭቶባቸው ሌሊቱን ያድራሉ። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭን ጠቅታ ነው። ዳዶው ተፈታ ተብሎ ሲታይ ብሎኑ ተቀንጥሶ ግማሹ አሉሚኒየሙ ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ መሰርሰሪያ፣ ከዚያ ማውጫ፣ አንዳንዴም ብየዳ። ሌላ ልጅ ቆሞ ባትሪ ያበራል። በመጨረሻ አዲሱ ሄደር ከጋስኬቱ ጋር ይገጠማል። ቴስታታው ላይ የሚገናኝበት ፊት በጥቂቱ ከተጣመመ ግን ጋስኬቱ አይገጥምም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲነሣ ሰከንድ በሰከንድ የሚያንኳኳ ድምፅ ይሰማል፤ ሲሞቅ ብረቱ ይሰፋና ድምፁ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ዳነ ይላል።

አልዳነም። ጭሱ በሚያልፍበት ክፍተት በሁለት ግፊት መካከል የውጭ አየር ይገባል። ቀጥሎ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ያን አየር ያሸትና ቤንዚን አንሷል ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል። ጉልበት ሊጨምር የተገጠመው ዕቃ ቤንዚን እያቃጠለ ካንዴላ ማጥቆር ይጀምራል። ፕሮግራሙ ያልተስተካከለለት መኪና ላይ ደግሞ ቼክ ኢንጅን የሚባለው ቢጫ መብራት ይበራል፤ ብዙውን ጊዜ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ አይሠራም የሚለውን ኮድ ይዞ ነው። በመኪናው ዋስትና ላይም ጣጣ ያመጣል። የ1975ቱ የዋስትና ሕግ አምራቹ ሰው የውጭ ዕቃ ስለገጠመ ብቻ ዋስትናውን በሙሉ እንዳይሰርዝ ይከለክለዋል፤ ጉዳቱን ያመጣው ያ ዕቃ ከሆነ ግን ለጥገናው አይከፍልም።

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ላይ መቆም ያስፈልጋል። በአሜሪካ መኪኖች ላይ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ የተገጠመው ይህ ዕቃ፣ የዛሬው ዓይነት፣ ሲሞቅ ከሦስቱ ዋና መርዞች፣ ማለትም ከካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ካልተቃጠለ ቤንዚንና ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያጠፋል። ሳይሞቅ ግን አይሠራም፤ ሥራውን ለመጀመር 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው በዘመኑ መኪኖች ከሞተሩ አፍ ላይ፣ ከጭስ መቀበያው ጋር ተጣብቆ የሚመጣው። የክረምት ጠዋት ከዜሮ በታች 15 ላይ የተነሣ ሞተር አብዛኛውን መርዙን የሚተፋው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነውና። ሄደር ሲገጠም ይህ ካታሊቲክ ወይ ይወጣል፣ ወይ ወደ ኋላ ይርቃል። ቢርቅ እንኳን ከመሞቁ በፊት መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚጠብቁትን ልጆች አልፎ ሄዷል።

ዴንቨር ይህን የምትሸከም ከተማ አይደለችም። ከተማዋን ጨምሮ በአካባቢው ያሉ ዘጠኝ ካውንቲዎች በበጋ የኦዞን ብክለት የሚታወቁ ናቸው። ኦዞን ከሰማይ አይወርድም፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችና የቤንዚን ትነት በፀሐይ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው፤ ተራራዎቹ ደግሞ አየሩን ይይዙታል። በ2022 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አካባቢውን በከባድ ብክለት ደረጃ መደበው፤ ከዚያ የተነሣ ከ2024 ጀምሮ በበጋ የሚሸጠው ቤንዚን ራሱ እንዲቀየር ተደረገ። የአንድ ልጅ መኪና ምን ያመጣል? የኮመርስ ሲቲው የሳንኮር ነዳጅ ማጣሪያ፣ አውሮፕላኖቹ፣ አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ የሚጎርፈው ትራክ አይበልጥም ወይ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ጥያቄው ግን ራሱን ያፈርሳል። በናፍጣ ፒካፖች ላይ ይኸው አባባል ነበር። በ2020 ኤጀንሲው ባወጣው ሪፖርት በአሥር ዓመት ውስጥ የጭስ መቆጣጠሪያቸው የተነቀለላቸው ፒካፖች ከ550 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። አንድ በአንድ የተነቀሉ ናቸው። ግሪን ቫሊ ራንች በማጣሪያው፣ በአውሮፕላን ማረፊያውና በአይ-70 መካከል ስላለ፣ ነዋሪው ከሌላው ሰፈር ይልቅ ተጨማሪ ጭስ የመቃወም ምክንያት አለው።

ሕጉም ግልጽ ነው። የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያን መንቀል ከለከለ፤ በ1990 ማሻሻያው ክልከላው ጋራዥን ብቻ ሳይሆን ግለሰቡንም እንዲይዝ ተደረገ። ቅጣቱ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ከ2020 እስከ 2023 ኤጀንሲው እነዚህን ዕቃዎች መዋጋት ብሔራዊ ትኩረቱ አድርጎ፣ አምራቾችና ሻጮች ላይ ዘመተ። በኮሎራዶ ሕግ ደግሞ የጭስ ማውጫን ከፋብሪካው ማርሚታ በላይ እንዲጮህ አድርጎ መለወጥ በቀጥታ የተከለከለ ነው። ብዙዎችን የሚያዘናጋቸው የኢሚሽን ምርመራው ነው። ምርመራውን የሚያካሂደው ኤር ኬር ኮሎራዶ አዲስ መኪናን ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ሞዴል ዓመታት አይጠራም። ልጁ በሁለተኛው ዓመት ሄደር ይገጥማል፤ ማንም አይጠይቀውም፤ ነገሩ ሕጋዊ ይመስለዋል። ስምንተኛው ዓመት ሲመጣ ኮምፒውተሩን ያነባሉ። ያኔ የተነቀለው ካታሊቲክ ጋራዥ ጥግ ከነበረበት ወጥቶ ተመልሶ ይገጠማል፤ ከተጣለ ግን አዲስ ይገዛል። ከ2021 ጀምሮ ኮሎራዶ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ ምትክ ካታሊቲክ የካሊፎርኒያን መስፈርት ማሟላት ስላለበት ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም።

የካታሊቲክን ዋጋ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዩኒየን ታክሲ የሚባለው የሾፌሮች ኅብረት ሥራ በ2009 ሥራ ሲጀምር ብዙዎቹ አባላቱ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ነበሩ፤ ከዚያም ወዲህ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልሱት ፕሪየሶች ከኋላቸው የብዙ ቤተሰብ ቀለብ ይጭናሉ። በኮቪድ ዓመታት የካታሊቲክ ሌብነት ሲበዛ ፕሪየስ ዋናው ኢላማ ነበር። ሌቦች በሌሊት በመጋዝ ቆርጠው የወሰዱበት አባት ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ዕቃ ፍለጋ ይዞራል። በ2022 የኮሎራዶ ምክር ቤት ይህን ለመግታት ሕግ እስከማውጣት ደርሷል። በዚያው ቤት ልጁ የራሱን ካታሊቲክ አውልቆ ለመጣል ገንዘብ ሲያወጣ፣ አባቱ ቢከፋው አክራሪ ነው አይባልም።

የድምፁም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመንገድ ድምፅ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ከሄደርና ከተከፈተ ማርሚታ የሚወጣ ጩኸት ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ግሪን ቫሊ ራንች ደግሞ ሌሊት ሁሉ ሰው የሚተኛበት ሰፈር አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከንጋቱ በፊት ፈረቃ የሚገቡ አሉ፤ የሆስፒታል ሌሊት ሠርተው ጠዋት የሚተኙ ነርሶችና ረዳቶች አሉ። እማማ የሚባሉት አረጋዊት በጠዋት ጸሎታቸው ላይ ናቸው። በሰፈሩ እንቅልፍ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን ሊወስን አይገባም። አበሻ በጎረቤት ልጅ ላይ ፖሊስ መጥራት ይከብደዋል፤ ይሉኝታው ይይዘዋል። ዝምታው ግን ፈቃድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ልጆቹን ዱርዬ ማለት ደግሞ መልስ አይሆንም። መኪና መውደድ ጥሩ ነገር ነው፤ ብሎን የተቀነጠሰበት ልጅ በአንድ ቅዳሜ የተማረውን ብዙ ክፍል ውስጥ አይማርም። የሚሮጥበት ሕጋዊ ቦታም እየተወሰደበት ነው። ከግሪን ቫሊ ራንች ብዙም ሳይርቅ የነበረው የሴከንድ ክሪክ የውድድር ሜዳ በ2005 ተዘጋ። ሞሪሰን ላይ ከ1958 ጀምሮ የነበረው ባንዲሜር ስፒድዌይ፣ ማንም የመንገድ መኪናውን ይዞ ሄዶ ሊሮጥበት ይችል የነበረው፣ በ2023 መጨረሻ ተዘጋ። በመጋቢት 2021 አውሮራ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች አይ-225ን ዘግተው ሲሽከረከሩ ከተማው ደነገጠ፤ መደንገጡም ተገቢ ነበር። ግን ሕጋዊው በር እየጠበበ መንገዱ ቢጨናነቅ ማንን ያስገርማል? የሰፈሩ ወላጆች በልጆቻቸው ላይ የሚያነሡትን ቁጣ ግማሹን እንኳ ወደ ዴንቨርና ወደ አውሮራ ምክር ቤቶች ይዘው ቢሄዱ፣ ከተሞቹ የሚያወጡት ገንዘብ ለፖሊስ ብቻ ባልሆነ ነበር።

ዛሬ ያለውን ግን መጠቀም ይቻላል። ከባየርስ በስተምሥራቅ ያለው ሃይ ፕሌንስ ሬስዌይ ከ2009 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ከግሪን ቫሊ ራንች አይ-70ን ይዞ በአንድ ሰዓት ገደማ ይደረሳል። ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ ሁለት ሺህና ከዚያ በላይ የሚወጣበት ሄደር፣ ከእጅ ዋጋውና ከፕሮግራሙ ጋር ሲደመር፣ ጥሩ ጎማ፣ የፍሬን ሸራና ዘይት ገዝቶ ለአንድ የሜዳ ቀን ይተርፋል። በ1,656 ሜትር ከፍታ ላይ መኪናን የሚያፈጥነው በዋናነት የጎማ ያዥነትና የፍሬን ጥራት ነው፤ ኩርባ ላይ የተገኘ ሰከንድ ከፍታ አይነካውም። ከዚያም በፊት የሚደረግ ብዙ የማያስከፍል ነገር አለ። የኮሎራዶ ማደያዎች ላይ ርካሹ ቤንዚን 85 ኦክታን ነው። በከፍታ ላይ ካርቡራተር ለነበራቸው አሮጌ ሞተሮች ያ በቂ ነበር። የዘመኑ ቱርቦ ሞተር ግን አየሩን ራሱ ስለሚሞላ ከፍተኛውን ኦክታን ይፈልጋል፤ 85 ሲያገኝ እንዳያንኳኳ ኮምፒውተሩ ማቀጣጠያውን ያዘገያል፣ ጉልበቱንም ይቀንሳል። ቱርቦ ሱባሩ ላይ 85 እየሞላ ሄደር የሚገዛ ሰው ያጠፋውን ጉልበት በቧንቧ እየፈለገ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ሄደር የሚፈልግ ይኖራል፤ ያ ጉድጓድ ያለበትን ቶዮታ 86 የሚነዳ ሰው ምክንያት አለው። እርሱ እንኳ የሚገዛው የካሊፎርኒያ የአየር ቢሮ የፈቃድ ቁጥር የታተመበትን ዕቃ ይሁን፤ ያ ቁጥር ዕቃው ጭስ እንደማይጨምር በምርመራ መረጋገጡን ያሳያል፤ የፌዴራሉም ኤጀንሲ ይቀበለዋል። ካታሊቲኩ በቦታው ይቆይ። ፕሮግራሙ በዴንቨር አየር ላይ ይስተካከል፤ የለካውም ማሽን ሳይባዛ የለካውን ቁጥር ጎን ለጎን ያትምለት። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሮ ጠዋት ሲነሣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ያዳምጥ፤ የሚያንኳኳ ከሆነ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ፣ ያም ካልረዳ ጋስኬቱ ይቀየር። የፈቃድ ቁጥሩ ያለበት ጽሑፍ ደግሞ ከኮፈኑ ሥር በሚታይ ቦታ ይለጠፍ፤ ለኢሚሽን በሚሄድበት ዓመት መርማሪው ቢጠይቅ የሚታይ ማስረጃ ይሆናል።